ስምና ሰም፤ የኩላሊትና የጉበት ለስላሳ ጡንቻ ዕጢዎችን በማይክሮስኮፕ የመለየት ታሪክ

መግቢያ

ስለ ሰው አካል ዕጢ የሚናገር ጽሑፍ ከአንድ መሐንዲስ ብዕር መውጣቱ አንዳንድ አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ይሁንና ማይክሮስኮፕ የሐኪም ብቻ መሣሪያ አይደለም። የተሰበረ የብረት ዘንግ ሲደርሰን ከስብራቱ ቁራጭ ወስደን፣ ፊቱን አለስልሰን፣ በአሲድ አስነክተን የምንመረምረው እኛም ነን። ይህን ዘዴ በ1860ዎቹ የጀመረው የሼፊልዱ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ሲሆን፣ እርሱም አስቀድሞ ድንጋይን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ እያሳሳ ይመረምር የነበረ ሰው ነው። በሁለቱም ሙያ ሥራው አንድ ነው፤ ከጥቂት ቁራጭ ተነሥቶ ስለ ሙሉው አካል መፍረድ።

ወደዚህ ርእስ የሳበኝ ግን የሙያ ዝምድና ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር፤ በምርመራም በኩላሊታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ኩላሊቱም ወጣ። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ውጤት «የኩላሊት ነቀርሳ» የሚል ነበር። አክስቴ ኑዛዜያቸውን ጻፉ፤ ነጠላና ጌጣቸውን ለልጆቻቸው አከፋፈሉ። ከሰባት ወራት በኋላ ከዚያው ዕጢ ተቆርጦ በሰም ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ቁራጭ በሌላ ላቦራቶሪ እንደገና ታየ። የተገኘውም ውጤት ዕጢው የተለመደው ነቀርሳ ሳይሆን፣ በመሠረቱ የለስላሳ ጡንቻ ጠባይ ያለው ሌላ ዕጢ ነው የሚል ሆነ። አክስቴ ወረቀቱን አስነብበው ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር እንዴት ሁለት ስም ይኖረዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተደረገ ጉዞ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ቀጭን ቁራጭ፣ ቀለምና ሰም

ለስላሳ ጡንቻ የሚባለው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የጡንቻ ዓይነት ነው። በጨጓራ፣ በአንጀት፣ በማኅፀን፣ በፊኛና በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገኛል። አልበርት ኮሊከር የተባለው የስዊስ ተወላጅ በ1847 ዓ.ም. ይህ ጡንቻ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አስኳል ካላቸው ነጠላ ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን አሳየ። ሕዋሳቱ መካከላቸው ወፈር፣ ሁለቱ ጫፎቻቸው ቀጠን ያሉ፣ እንዝርት የሚመስሉ ናቸው፤ አስኳላቸውም ጫፉ የደነዘ አጭር በትር ይመስላል።

በ1858 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሖ የበሽታ መሠረቱ ሕዋስ መሆኑን ያስተማረበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዕጢን መሰየም ማለት በዕጢው ውስጥ ያለው ሕዋስ የየትኛውን ጤነኛ ሕዋስ መልክ እንደያዘ መጠየቅ ሆነ። ይህ አስተሳሰብ ለመቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ በሚገባ አገልግሏል። በመጨረሻ እንዴት እንደተፈተነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕዋስ በተፈጥሮው ቀለም የለሽ ነው ለማለት ይቻላል። ስለሆነም የሥነ ሕዋስ ሊቃውንት የጨርቅ ማቅለሚያ ተዋሱ። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣው ማቅለሚያ አስኳልን ሰማያዊ ያደርጋል፤ በ1870ዎቹ በጀርመን የኬሚካል ፋብሪካ የተሠራው ኢዮሲን ደግሞ የቀረውን የሕዋስ ገላ ሮዝ ያለብሳል። ኤድዊን ክሌብስ በ1869 ዓ.ም. የአካል ቁራጭን በፓራፊን ሰም ውስጥ መቅበርን አስተዋወቀ። ኧርነስት አቤ በ1873 ዓ.ም. የማይክሮስኮፕን የማየት ወሰን በሒሳብ አስቀመጠ። ፈርዲናንድ ብሉም በ1893 ዓ.ም. የፎርማሊንን ጥቅም ገለጠ፤ ፎርማሊንን ለጀርም መግደያነት ሲሞክር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ እንደ ደረቀ በማስተዋሉ ነው ለአካል ማድረቂያነት ያሰበው።

ከእነዚህ ሁሉ ለታሪካችን ዋናው ሰሙ ነው። በፎርማሊን የደረቀ ቁራጭ በሰም ከተቀበረ በኋላ ከ3 እስከ 5 የሚሊሜትር ሺኛ ውፍረት ባለው ስስ ገጽ እየተላጠ ይቆረጣል። አንድ ገጽ ከተወሰደ በኋላ የቀረው ሰም ይቀመጣል፤ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ከተጠበቀም ለአሥርተ ዓመታት ሳይበላሽ ይኖራል። በዚህም የተነሣ የዛሬው ሐኪም ያልቻለውን የነገው ሐኪም በዚያው ቁራጭ ላይ እንደገና ሊጠይቅ ይችላል።

መምሰልና መሆን

ጀርመናዊው ፓውል ግራቪትዝ በ1883 ዓ.ም. «የኩላሊት የስብ ዕጢ» እየተባሉ የሚጠሩትን ዕጢዎች መረመረ። ሕዋሳቱ ገላቸው ጥርት ያለና ስብ የሞላበት ስለነበረ፣ ከኩላሊት በላይ ያለችውን የአድሬናል ዕጢ ሕዋሳት መሰሉት፤ ስለዚህ ከአድሬናል ተነጥቀው በኩላሊት ውስጥ ከቀሩ ቅሪቶች የበቀሉ ናቸው አለ። በኋላም ዕጢው «ሃይፐርኔፍሮማ» የሚል ስም ወጣለት፤ ትርጉሙም ከኩላሊት በላይ ካለው የመጣ ማለት ነው። ስሙ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ኖረ።

በ1960 ዓ.ም. ኦበርሊንግና ባልደረቦቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሕዋሳቱ የኩላሊትን የራሱን ቱቦዎች ሥሪት ይዘው ተገኙ። ዕጢው የኩላሊት የገዛ ልጅ ነበር። መምሰል ዝምድና ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይበቃ ሙያው በዚህ ተማረ። እኛም በመስታወት የምናየው የብረት ገጽ ከሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አንድ ዓይነት መልክ ሊይዝ እንደሚችል እናውቃለን።

ሦስት አካል በአንድ ዕጢ

ፈረንሳዊው ሐኪም ቡርንቪል በ1880 ዓ.ም. የሚጥል በሽታ የነበረባትና የሞተች አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ አካል ሲመረምር፣ በአንጎሏ ውስጥ ጠጣር እብጠቶች፣ በኩላሊቶቿም ላይ ዕጢዎች አገኘ። ይህ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ዛሬ ቱበረስ ስክለሮሲስ ይባላል። የኩላሊቱ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንግዳ ነበር፤ ግድግዳቸው የወፈረ የደም ሥሮች፣ ለስላሳ ጡንቻና ስብ በአንድነት ተቀላቅለውበት ይታያሉ። በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጽሑፍ ሦስቱንም አካላት በአንድ ቃል አስተሣሥሮ «አንጂዮማዮሊፖማ» አለው። በሽታው በሌለባቸው ሰዎች ላይም፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ ይገኛል።

ሦስቱ አካላት በሚዛን ሲገኙ ስሙን ለመስጠት አስቸጋሪ አይደለም። ችግሩ አንዱ ሁለቱን ሲውጣቸው ነው። ስቡ ጠፍቶ ጡንቻው ከበዛ ዕጢው ተራ የጡንቻ ዕጢ፣ ወይም ሌዮማዮሳርኮማ የተባለውን ክፉ የጡንቻ ነቀርሳ ይመስላል። የጡንቻ ሕዋሳቱ የእንዝርት መልካቸውን ትተው ክብና ሰፋፊ ሲሆኑ ደግሞ ከኩላሊት ነቀርሳ ለመለየት የሠለጠነ ዓይንም ይሳሳታል። የአክስቴ ዕጢ ከዚህኛው ወገን ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ትውልደ ግብፁ ካማል ኢሻቅ በዋሽንግተን ይኸው ዕጢ በጉበት ውስጥም እንደሚገኝ አስታወቀ። በዚያ ደግሞ ክብ ሕዋሳቱ የጉበትን ነቀርሳ መሰሉ። በሁለቱም አካል ስሕተቱ የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው፤ የሚጠበቅ ዕጢ እንደ ክፉ ነቀርሳ ተቆጥሮ ሙሉ አካል ሊወጣ፣ ወይም በተቃራኒው ክፉው እንደ ደህና ተቆጥሮ ሊተው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ባልደረባችን ያስገባውን ለውጥ መጥቀስ ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው የሲቲ መሣሪያ በ1971 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ ሥራ ላይ ዋለ፤ እርሱም በ1979 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በእርሱ ስም በሚጠራው መለኪያ ውኃ ዜሮ ሲሆን ስብ ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ስብ የሚታይበት አንጂዮማዮሊፖማ ብዙውን ጊዜ ያለ ቢላዋ ይታወቃል። ውጤቱ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አስከተለ፤ ቀላሎቹ በሲቲ ስለሚለዩ፣ ወደ ማይክሮስኮፑ የሚደርሱት በአመዛኙ ስብ የሌላቸው አስቸጋሪዎቹ ሆኑ።

«መስክ» የሚባለው ልክ

የለስላሳ ጡንቻ ዕጢ ክፉ ወይስ ደህና መሆኑን ለመገመት ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ በመከፋፈል ላይ ያሉትን ሕዋሳት መቁጠር ነው። ቁጥሩም ለረጅም ጊዜ «በ10 መስክ ይህን ያህል» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። መስክ ማለት በከፍተኛ ማጉያ በአንድ እይታ የሚታየው ክብ ስፍራ ነው። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው የክቡ ስፋት ስንት ነው ብሎ ነው።

መልሱ እንደ ማይክሮስኮፑ ይለያያል። በ40 እጥፍ ማጉያ፣ የዓይን መነጽሩ ልክ 18 ሚሊሜትር ከሆነ የመስኩ ወርድ 0.45 ሚሊሜትር ነው፤ የ10 መስክ ስፋትም 1.6 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። መነጽሩ 22 ከሆነ ስፋቱ 2.4፣ 26.5 ከሆነ ደግሞ 3.4 ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 2 ተከፋፋይ ሕዋሳት ያሉበት ዕጢ በመጀመሪያው ማይክሮስኮፕ 3፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 7 ተብሎ ይቆጠራል። ወሰኑ 5 ቢሆን ያው ዕጢ በአንድ ክፍል ደህና፣ በጎረቤት ክፍል ክፉ ሊባል ነው። ኤሊስና ዋይትሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 ዓ.ም. ይህን ዓይነቱን አቆጣጠር እንደገና መመርመር እንደሚያስፈልግ አስጠነቀቁ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የዕጢ ምደባ መጻሕፍት ቁጥሩ በካሬ ሚሊሜትር እንዲሰጥ ያሳስባሉ። ልክ የሌለው መለኪያ መለኪያ አለመሆኑን ለመቀበል ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ ያስደንቃል።

ቁልፍና ጓጉንቸር

ተራ ቀለም የሕዋስን መልክ እንጂ ማንነት አያሳይም። ማንነቱን ለማወቅ ሳይንስ የሰውነትን የገዛ ዘዴ ተዋሰ። ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚይዝባቸው ፀረ አካላት የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ፀረ አካል እንደ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር ብቻ ይገጥማል። አልበርት ኩንስ በ1941 ዓ.ም. በፀረ አካል ላይ የሚያበራ ቀለም አሰረ። በ1960ዎቹ ናካኔና ፒርስ በሚያበራው ቀለም ምትክ ኤንዛይም በማሰራቸው፣ ውጤቱ በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. ኮህለርና ሚልስታይን በካምብሪጅ ከአንድ የሕዋስ ዘር ብቻ የሚመነጭ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ ፀረ አካል ማምረት ቻሉ።

ከዚህም በኋላ ዴስሚንና አክቲን የተባሉትን የጡንቻ ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም የነቀርሳውን ምልክት ኬራቲንን የሚይዙ ፀረ አካላት ተራ በተራ ወደ ላቦራቶሪ ገቡ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ኤች.ኤም.ቢ.-45 የተባለ ፀረ አካል ከአሜሪካ ተገለጠ። የታሰበው ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ቀለም ሕዋሳት ነቀርሳ ለመለየት ነበር፤ ከኩላሊትም ሆነ ከጡንቻ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

በኢጣልያ የቬሮና ከተማ ፓቶሎጂስቶች ይህን ፀረ አካል በአንጂዮማዮሊፖማ ቁርጥራጭ ላይ ሞከሩት። በ1991 ዓ.ም. እንዳስታወቁት የጡንቻ መልክ የያዙት ሕዋሳት ቡናማ ሆነው ታዩ። በዚያው ዓመት ሌሎች የጉበቱም ዕጢ እንዲሁ መሆኑን ገለጡ። ሕዋሱ የጡንቻም የቀለም ሕዋስም ምልክት በአንድነት ይዟል፤ ኬራቲን ግን የለውም። በደም ሥሮች ዙሪያ ተሰብስቦ ስለሚታይ የቬሮናዎቹ ሊቃውንት በ1992 ዓ.ም. በቦታው ሰየሙት፤ በ1996 ዓ.ም. ከእርሱ የሚወጡት ዕጢዎች ሁሉ «ፔኮማ» ተባሉ።

የቪርሖ ዘመን አስተሳሰብ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዕጢ የጤነኛ ሕዋስ መልክ መሆን ነበረበት፤ ለፔኮማ ሕዋስ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጤነኛ አካል ውስጥ አቻ አልተገኘለትም። ልጁ በእጅ አለ፤ አባቱ አይታወቅም።

በ1991 ዓ.ም. ሌላም ነገር ሆነ። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርሳቸው ስለሚያስር ብዙ ፀረ አካላት በሰም በተቀመጠ ቁራጭ ላይ ዒላማቸውን አያገኙም ነበር። ሺ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ስላይዱን በማይክሮዌቭ ምድጃ ቢያፈሉት የተሸፈነው ዒላማ እንደሚገለጥ አሳዩ። በዚህ የወጥ ቤት መሣሪያ አማካይነት ለዓመታት በመደርደሪያ የከረመው ሰም ሁሉ እንደገና ሊጠየቅ የሚችል መዝገብ ሆነ።

በጉበት ውስጥ የተሰወረው

በጉበት ውስጥ የተገኘ የለስላሳ ጡንቻ ዕጢ ሁሉ ፔኮማ አይደለም። ከጉበት የራሱ የሚነሣ ሌዮማዮሳርኮማ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሐኪሙ መጀመሪያ ከማኅፀን ወይም ከሆድ ዕቃ የተሰደደ እንዳይሆን ይመረምራል። ይህም ጥርጣሬ የራሱ ታሪክ አለው። በ1962 ዓ.ም. ስታውት «እንግዳ የለስላሳ ጡንቻ ዕጢዎች» ብሎ የጻፈላቸው የጨጓራ ዕጢዎች ብዙዎቹ በመሠረቱ ጡንቻ አልነበሩም። በ1983 ዓ.ም. ማዙርና ክላርክ ጥርጣሬውን አጠነከሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ሂሮታና ባልደረቦቹ ኪት በተባለው ዘረ መል ላይ የደረሰውን ለውጥ አገኙ። ዓመታት ሳይቆዩ ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ለእነዚህ ዕጢዎች ደረሰ። ወደ ጉበት ተሠራጭተው የጡንቻ ነቀርሳ ይባሉ የነበሩት መታከም የጀመሩት ስማቸው ከተለወጠ በኋላ ነው።

ሌላው ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ነው። ዴኒስ በርኪት በዩጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ያየውን ዕጢ በ1958 ዓ.ም. ገለጠ፤ ከዚያ ወደ ለንደን ከተላከው ናሙና ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በ1964 ዓ.ም. አንድ አዲስ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ቫይረሱ ዛሬ በአብዛኛው የሰው ልጅ ሰውነት ውስጥ በዝምታ እንደሚኖር ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም. የታተሙ ሁለት ጥናቶች በኤድስ በተያዙ ልጆችና የአካል ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሕመምተኞች ላይ የተገኙት የለስላሳ ጡንቻ ዕጢዎች ይህንኑ ቫይረስ እንደያዙ አረጋገጡ። ጉበት ከሚያዘወትራቸው ስፍራዎች አንዱ ነው።

እነዚህ ዕጢዎች የተለመደውን ሕግ ይጥሳሉ። በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ሰው አካል ውስጥ የሚገኙት ብዙ ዕጢዎች ከአንዱ የተሰደዱ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የበቀሉ ናቸው፤ የሕዋሱ መልክና የመከፋፈሉ ቁጥርም የዕጢውን ጠባይ በሚገባ አይተነብይም። ሕክምናውም የሰውነትን የመከላከል ኃይል መመለስን ይጨምራል። ይህን ለማወቅ የቫይረሱን ምልክት በራሱ በቁራጩ ላይ መፈለግ ግድ ነው፤ ስለ ሕመምተኛው ታሪክ ያልተነገረው ፓቶሎጂስት ግን ለመፈለግም አያስብም።

ከስም ወደ መድኃኒት

የቱበረስ ስክለሮሲስ ሁለት ዘረ መሎች በ1993 እና በ1997 ዓ.ም. ተለዩ። የሚያዙት ሥራም በ2002 ዓ.ም. ግልጽ ሆነ፤ ኤምቶር የተባለውን የሕዋስ እድገት ሞተር የሚይዙ ፍሬን ናቸው። ፍሬኑ ሲበጠስ ሞተሩ ያለ ልክ ይሮጣል። ሞተሩን የሚያቆም ነገር ግን አስቀድሞ በእጅ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አንድ የካናዳ ጉዞ ቡድን ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴት ከራፓ ኑዊ ካመጣው አፈር የተገኘው፣ በ1975 ዓ.ም. የተገለጠው ራፓማይሲን ነው።

በ2008 ዓ.ም. የታተመ ሙከራ መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት የወሰዱ ሕመምተኞች የኩላሊት ዕጢ በአማካይ ወደ ግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ዕጢው መልሶ ማደግ ጀመረ። የመድኃኒቱ ዘመድ ኤቨሮሊመስ በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ለዚሁ ዕጢ ተፈቀደ፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የሲሮሊመስ ዓይነት ለክፉው ፔኮማ ተፈቀደ። ዕጢው «የኩላሊት ነቀርሳ» ወይም «የጡንቻ ነቀርሳ» እየተባለ ቢቀር ኖሮ ይህ መንገድ ለሕመምተኛው ዝግ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለእኛም ሙያ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሥር የሚሰጥ ስም በወቅቱ ባለው መሣሪያ የተደረሰበት ፍርድ ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ ፍርዱ ይግባኝ ሊባልበት ይችላል። ይግባኙ የሚሰማው ግን ማስረጃው ከተጠበቀ ብቻ ነው። ግራቪትዝ ተሳስቶ ነበር፤ የቬሮናዎቹ ሊቃውንት የቀናቸው ሊጠይቁት የሚችሉት ቁራጭ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

በሀገራችን የፀረ አካል ምርመራ በብዙ ስፍራ ገና ያልተዳረሰ በመሆኑ ከሕክምናው ጎን የመሐንዲሱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ፀረ አካል ያለማቋረጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ይህም የማይጠፋ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሚጠገን ማቀዝቀዣ ማለት ነው። የመቁረጫው ስለት መሳል፣ የማይክሮስኮፑ መስክ ተለክቶ በላዩ ላይ መጻፍ አለበት። ከሁሉም በፊት ሰሙ የሚቀመጥበት ክፍል ደረቅ፣ ቀዝቃዛና በመዝገብ የተያዘ መሆን ይገባዋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሲሆን፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ሊቃውንቶቻችን በቅኔ ሰምና ወርቅ ይላሉ፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል። በላቦራቶሪውም ስላይዱ ቀለም ከመነከሩ በፊት ሰሙ ይቀልጣል። ልዩነቱ የላቦራቶሪው ሰም ሁሉም በአንድ ጊዜ የማይቀልጥ፣ ለነገ የሚተርፍ መሆኑ ነው።

አክስቴ ዛሬ በአንድ ኩላሊት ይኖራሉ፤ ዕጢው እንዳይመለስ በየጊዜው ይታያሉ፤ ያከፋፈሉትን ጌጥም ልጆቻቸው መልሰውላቸዋል። ለጥያቄያቸው የደረስኩበትን መልስ እንዲህ ስል ነገርኳቸው፦ ነገሩ አንድ ነው፤ ሁለት የሆኑት ያየንባቸው ዓይኖች ናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ያንን ሰም እንዳይጥሉት ንገራቸው» አሉኝ። ቁራጩ ዛሬም በዚያ መደርደሪያ ላይ፣ ቁጥሩ በጎኑ ተጽፎበት ተቀምጧል።